ከእንጦጦ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች

ጠጋ በሉ፤ ጉዞ አዘጋጆች በማስታወቂያቸው ላይ የማይጽፉትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባን ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ በከበቡት ተራሮች ላይ፣ ከሱሉልታ ተነስቶ በቡራዩ በኩል እስከ ሰበታ፣ ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተጠረገ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ አለው። ከዚያ ወጣ ሲባል የምንነዳበት ሁሉ አህያ የረገጠው፣ ፈረስ ያሰፋው፣ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በእግራቸው ያለሰለሱት መንገድ ነው። ስለዚህ በእኛ መካከል ጎበዝ የሚባለው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ መብረር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቅዳሜ ለመውጣት ስናስብ ዓርብ ማታ መንገዱ ዳር ለሚኖሩ ወዳጆቻችን ስልክ እንደውላለን። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዝናብ መቼ ጣለ? የነገው ገበያ የት ነው? ሳሩ ታጨደ ወይስ ገና ቆሟል? ሰፈሩስ ሰላም ነው? መስመሩን የሚመርጠው የእነሱ መልስ ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ቀጭኗን መንገድ ያሳያችኋል፤ ትናንት አጥር እንደተሠራባት ግን አይነግራችሁም።

እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ሁለቱም ወገን ብትመለከቱ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ብስክሌተኛው ይህንን ልዩነት በጎማው ያውቀዋል። ደቡቡ ቁልቁል፣ ድንጋያማና ባሕር ዛፍ የሸፈነው ነው። ሰሜኑ ተኝቶ የተዘረጋ፣ እርጥብና ጥቁር አፈር ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ለመንዳት የሚነሳ ሰው የጎማውን ንፋስ ጫፉ ላይ ቆም ብሎ ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ላይ ጠንከር ያለ ጎማ ይሻላል፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ለስለስ ያለ።

የባሕር ዛፉን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። የደረቀ ቅጠልና ልጣጭ ድንጋይ ላይ ሲነጠፍ ከጭቃ ይበልጥ ያንሸራትታል። ፍሬን ቅጠሉ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ከያዛችሁ ወደቃችሁ ማለት ነው፤ ቀድሞ መያዝ፣ ቅጠሉ ላይ ግን ጎማውን ለቀቅ አድርጎ ማሳለፍ ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባይገባ ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ ሌላ ቦታ ልትሆን ትችል ነበር። የማገዶ እጥረት ንጉሠ ነገሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አሳስቧቸው እንደነበር ታሪክ ይነግረናል፤ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አጸናት። ከእንጦጦ ጀርባ የምንነዳበት መንገድ አብዛኛውም የዚያ ማገዶ መንገድ ነው።

ቅጠሉንና ጭራሮውን ለእንጀራ መጋገሪያ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ጀርባቸው ላይ ጎን ለጎን ተጋድሞ ከሰውነታቸው በሁለቱም በኩል ይወጣል። አንገታቸው ስለሚጎነበስ ከፊታቸው ብዙ ርቀት ማየት አይችሉም። አንድ ብስክሌት ድንገት ከመታጠፊያ ብቅ ሲል ያችን ሴት ምን እንደሚያደርጋት አስቡት። ልትሸሽ አትችልም፤ ሸክሙ ዛፍ ከነካ ሚዛኗ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተጻፈ ባይሆንም የማይጣስ ደንብ አለ። ከሩቅ ድምፅ ታሰማላችሁ፤ «እናቴ፣ ቆመናል፤ ቀስ ብለው ይለፉ» ትላላችሁ። ከብስክሌቱ ትወርዳላችሁ፣ በመንገዱ የታችኛው ወገን ትቆማላችሁ፣ ደልዳላውን ለእሷ ትተዋላችሁ። ከዛፍ ጥግ አረፍ ብላ ሸክሟን ስታነሳ ካገኛችኋት ጎንበስ ብላችሁ አግዙ። ይህን የማያደርግ ነጂ ከእኛ ጋር ሁለተኛ አይወጣም።

ሱሉልታ ደግሞ ዕውቀት የሚፈልግ አገር ነው። ሜዳው የሚነዳ ይመስላል፤ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ እስከ አድማስ የተንጣለለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጠጋ አትበሉት። ዋልካው ውሃ ሲጠጣ ጎማና ሹካው መካከል ገብቶ ይታሸግና መንኮራኩሩን ያቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ትሸከማላችሁ እንጂ አይሸከማችሁም። መስቀል አልፎ አደይ አበባው ሲታይ ብዙዎች ደረቀ ብለው ይወጣሉ። ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና ሾርባ ነው። የአካባቢው ገበሬ የሚያይበት መንገድ አለ፦ የከብት ኮቴ የረገጠበትን ጉድጓድ ተመልከቱ። ውሃ ካቆረ ተመለሱ። ዳሩ በጣታችሁ ስትነኩት ፍርፍር ካለ ንዱ። ይህችን ምልክት ያስተማረን አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ነው፤ እስካሁን አሳስታን አታውቅም።

ጥቅምትና ኅዳር የድርቆሽ ወራት ናቸው። ሱሉልታ በድርቆሹ የታወቀ አገር ነው፤ ሳሩ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ በአይሱዙ ላይ ተቆልሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ወተት ላሞቹ ይሄዳል። ያልታጨደ ሳር ላይ በብስክሌት ማለፍ የሰው ገንዘብ ላይ መሄድ ነው። ባለቤቱ ሲቆጣ ትክክል ነው፤ ይቅርታ ጠይቃችሁ ተመለሱ። ከአጨዳው በኋላ ግን በሜዳው ዳር ዳር ያሉት የጋሪና የፈረስ መንገዶች ይከፈታሉ፤ እነሱን የመሰለ ጠረጋ የትም አታገኙም።

አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ሌሊቱን ውርጭ ያድርበታል። ንጋት ላይ አፈሩ ይጠነክራል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይለሰልሳል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሜዳው ጫፍ የደረሰ ሰው እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ የሚነዳበት ጠንካራ መንገድ አለው። ከዚያ በኋላ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ነው። ጓንት ሳትይዙ አትሂዱ፤ ጣት ከደነዘዘ ፍሬን አይያዝም።

በዚያ ሰዓት ብቻችሁን አትሆኑም። ሯጮቹ አሉ። ሱሉልታ የቀነኒሳ በቀለ የሩጫ ትራክ ያለበት፣ የሯጮች ማሠልጠኛው ያያ ቪሌጅ የሚገኝበት አገር ነው፤ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚተነፈሰው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ጠንካራ ብስክሌተኛ እዚህ ትንሽ ዳገት ላይ ሲያለከልክ ብዙ ጊዜ አይተናል። ሯጮቹ በሰልፍ ሲመጡ መንገዱ የእነሱ ነው። ፈረሰኛም እንደዚያው ነው፤ የሱሉልታ ፈረስ መኪና ለምዷል፣ ድምፅ የሌለው ብስክሌት ከኋላው ሲመጣበት ግን ይደነብራል። ቁሙና በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» በሉ። ሰላምታው ለሰውዬው ነው፤ ፈረሱም የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል።

ረግረጉን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ቃል። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ፣ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ በኢትዮጵያ ከታየችባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የሱሉልታ ሜዳ ነው። የምትኖረው በክረምት፣ እርጥብ ሳር ውስጥ ተደብቃ ነው። ክረምት ላይ ሜዳውን መተው ለብስክሌታችሁም ለእሷም ይበጃል።

ወደ ምዕራብ እንለፍ። ከእንጦጦ ሸንተረር ተነስቶ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በላይ በኩል ወደ ቡራዩ የሚወስደውን አቅጣጫ የሚመርጡ አሉ። ማዕከሉ ራሱ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ጥብቅ ቦታ ስለሆነ በበሩ ገብቶ፣ ጠይቆ መሄድ ነው። ቡራዩ ከደረሳችሁ በኋላ አስፋልቱን ለመኪኖች ትታችሁ ወደ ገፈርሳ ውጡ።

ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሃ ግድብ ነው። በአምቦ መንገድ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በትንሹ አቃቂ መነሻ ላይ ተሠራ። ኋላ የመጣው የለገዳዲ ግድብ በስፋት ቢበልጠውም ገፈርሳ ዛሬም ከተማዋን ያጠጣል። ጠዋት ውሃው ላይ ጭጋግ ሲነሳ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ዳሩ ላይ ሲግጥ ታያላችሁ፤ ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ውበቱን አይቶ ወደ ውሃው ጠርዝ መንዳት ያምራል። እዚህ ላይ ነው የውስጥ ሰው የሚለየው። ይህ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ጠባቂ አለው፤ ግድቡን ፎቶ ማንሳትም ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ የምንነዳው ራቅ ብሎ፣ በላይኛው ጉብታዎች ላይ ባሉት የከብት መንገዶች ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ውሃው ሁሉ ይታያል፤ ማንንም አያስቆጣም።

ለምን ይህን ያህል እንጠነቀቃለን? የተራራ ብስክሌት የተወለደበትን ቦታ ታሪክ ስለምናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በታማልፓይስ ተራራና በዙሪያው፣ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን እየገፉ ወጥተው ለእሳት መከላከያ በተጠረገ መንገድ ይወርዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1976 በሰዓት የሚለካ ውድድር አደረጉ። ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ ቅባቱ ጨሶ ስለሚያልቅ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ እንደገና መሞላት ነበረበት። ከዚያ ተራራ የወጣው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ገባ። ልብ በሉ፤ የዚያ ተራራ ሰፊ ክፍል እንደ ገፈርሳ ሁሉ የከተሞች የመጠጥ ውሃ የሚመነጭበት፣ በውሃ ድርጅት ሥር ያለ መሬት ነው። በነጂዎችና በእግረኞች መካከል በተፈጠረው ጠብ ቀጫጭኖቹ መንገዶች ለአሥርት ዓመታት ለብስክሌት ተዘግተው ኖሩ። ጨዋታው በተወለደበት ደጃፍ ላይ ተከለከለ። ገፈርሳ ላይ ያ እንዲደገም አንፈልግም።

ከገፈርሳ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ሰማዩን ይዞ የቆመው ወጨጫ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው፤ ሰበታ በግርጌው ተቀምጣለች። በምዕራብ ወገኑ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በር ላይ ክፍያ አለ፤ ክፈሉ። ብስክሌት ይዛችሁ እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የደን ጠባቂውንም ስሙት። የትኛው ዛፍ ትናንት እንደወደቀ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከሰበታ ተነስቶ ደኑ ድረስ ያለው ኮረኮንች ያሰለቻል፤ አቧራ ነው፣ የጭነት መኪና ነው። ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭናችሁ ብትደርሱ ማንም አይነቅፋችሁም። ደኑ ውስጥ ስትገቡ ግን አየሩ ይቀየራል። ከታች ግዙፍ ጥዶች፣ ዝግባና ወይራ ናቸው። ግንዳቸውን ለመክበብ የሁለት ሰው እቅፍ አይበቃም። ከፍ ስትሉ ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያ አምጃ፣ ጫፉ አጠገብ አስታና ጅባራ። ዛፉ እያጠረ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ነፋስ ብቻ ያለበት ገላጣ ቦታ ትደርሳላችሁ። በአንድ ዳገት ላይ ጥቅጥቅ ደን፣ ቁጥቋጦና የተራራ አናት ሜዳ ማለፍ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከጥዱ ሥር ያለው አፈር ቀይና ልስልስ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ድምፅ ያጠፋል። ሥሮቹ ግን መንገዱን አቋርጠው እንደ ደረጃ ተጋድመዋል፤ ጠዋት ጤዛ ሲነካቸው ይንሸራተታሉ። በአግድም ተጠግታችሁ ከነካችኋቸው ጎማው ከሥራችሁ ይሄዳል፤ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላችሁ፣ ከመቀመጫው ተነስታችሁ ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ እለፉ። ፍጥነት አታብዙ፤ የምኒልክ ድኩላ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሊያገኛችሁ ይችላል። ይህ ጠቆር ያለ ድኩላ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ይመለከቷችኋል፤ እነሱ አይሸሹም።

ስለ ውሻ ልንገራችሁ፤ አዲስ መጤ ሁሉ የሚጠይቀን እሱን ነው። ከደኑ ስትወጡ በየግቢው የሚጠብቁ ውሾች አሉ። ለመሮጥ አትሞክሩ፤ ዳገት ላይ ውሻ ይበልጣችኋል። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። አብዛኛው ከዚያ ይመለሳል። ባለቤቱ ከወጣ ሰላም በሉ። ውሻው ሥራውን ነው የሠራው።

ዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም። ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ያገለገለ ግን ጠንካራ ማርሽና ጥሩ ፍሬን ያለው ይበቃል። መለዋወጫ ካላማዳሪና መንፊያ ሳትይዙ አትውጡ፤ የቀጋና የአጋም እሾህ ጎማ ያስተነፍሳል። በሱሉልታም፣ በቡራዩም፣ በሰበታም ጎሚስታ አለ፤ የመኪና ጎማ ሠሪ ቢሆንም የብስክሌት ቀዳዳ ይለጥፋል። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ነጂ ነው። የአገራችን ብስክሌት ታሪክ የአስፋልት ታሪክ ነው፤ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ 24ኛ ሆኖ ገብቷል፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ተራራው ገና ጀማሪዎችን እየጠበቀ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ መንገዶቹ ክፍት ሆነው በመቆየታቸው ላይ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ቤት፣ ፋብሪካ፣ የድንጋይ ካባ፣ መጋዘን ወደ ተራራው ግርጌ እየወጣ ነው። ቤትና ሥራ መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው መኖር አለበት። ነገር ግን የአህያ መንገድ በፕላን ላይ መስመር ስለሌለው አጥር ሲመጣ ማንም አይጠይቅለትም። አንድ ጠዋት ትመጣላችሁ፤ ትናንት የነበረው መተላለፊያ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። እንጨት የምትሸከመው ሴት ዙሪያውን ትሄዳለች፣ ወተት የሚያደርሰው ልጅ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ከብቶቹ ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። ብስክሌተኛው የሚያጣው ደስታውን ነው፤ እነሱ የሚያጡት ግን የሥራ መንገዳቸውን ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በመንግሥት መዝገብ የገቡ የፈረስ መንገዶች አሏቸው፤ ባለ መሬቱ ሊያጥራቸው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሕግ በእነዚሁ መንገዶች ላይ ብስክሌት እንዲነዳ ፈቀዱ፤ ነጂው ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ አስገደዱ። ዛሬ በዚያ አገር በኮረብታ፣ በደንና በግድብ ዳር የሚነዳው ሕዝብ ብዙ ጊዜ የሚነዳው ከብስክሌት በፊት በነበሩ የፈረስ መንገዶች ላይ ነው። እኛ እንጦጦ ጀርባ በልምድ የያዝነውን ደንብ እነሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጻፉት።

የሸገርን ፕላን የምትሠሩ መሐንዲሶች ሆይ፣ ጥያቄያችን ትንሽ ነው። ከሱሉልታ ሜዳ ዳር በእንጦጦ ጀርባ ወደ ገፈርሳ፣ ከገፈርሳ በወጨጫ ግርጌ ወደ ሱባ የሚሄዱትን የአህያና የፈረስ መንገዶች በአካል ሂዱና እዩ፤ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የሁለት የተጫኑ አህዮች መተላለፊያ ያህል ስፋት ስጧቸውና ካርታው ላይ አስገቧቸው። አስፋልት አንፈልግም፤ ምልክትም ይቅር። አጥር እንዳይቆምባቸው ብቻ ዛሬ መዝግቧቸው።